ዝም ብለን እንግሊዝኛ አንማርም



ይህ ያልገጠመው ተማሪ ከመካከላችን ጥቂት ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ይጠይቃል። መልሱን እናውቀዋለን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በስልጥኛ ቢሆን ኖሮ ቀድመን እጃችንን እናወጣ ነበር። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን ዓረፍተ ነገሩን በልባችን ስናሰናዳ ሌላው ይመልሳል። ፕረዘንቴሽን ሲመጣም "እኔ ስላይዱን እሠራለሁ፣ አንተ አቅርብ" ተባብለን እንሸሻለን።

ጉዳዩ የማፈር ብቻ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን የተቀበልነው በእንግሊዝኛ ነው። ሀንድአውቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የምንፈተነው የመውጫ ፈተናም እንዲሁ። ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄውን በትክክል ባለመረዳቱ ነጥብ የሚጥል ተማሪ አለ። ይህ ደግሞ ያስቆጫል።

እኛም የጀመዓው የትምህርት ክፍል አባላት ለፍሬሾች የእንግሊዝኛ ቱቶሪያል ስንጀምር ተሳስተን ነበር። ሰሌዳ ላይ የግስ ጊዜያትን ዘርዝረን አስረዳን፤ ሁሉም ጻፈ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ "እስቲ ትናንት ምን እንደዋላችሁ ንገሩን" ስንል ክፍሉ ጸጥ አለ። ሕጉን ያውቁታል፤ አፋቸው ግን አልለመደውም። የጎደለው ማብራሪያ ሳይሆን የመናገሪያ ጊዜ ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። 60 ተማሪ ያለበት የ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አለ እንበል። መምህሩ 40 ደቂቃ ካስረዳ የሚቀረው 10 ደቂቃ ነው። ያ ለ60 ሰው እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 10 ሰከንድ ይደርሰዋል። ያንኑ 10 ደቂቃ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ቢነጋገሩበት ግን እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይናገራል። ልዩነቱ ሠላሳ እጥፍ ነው። ገንዘብም መጽሐፍም አልተጨመረም፤ የተቀየረው አቀማመጡ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምናስተዋውቃችሁ ዘዴዎች ሁሉ መሠረታቸው ይኸው ነው።

አስብ፣ ተነጋገር፣ አካፍል

አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ፍራንክ ላይማን በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቀላል ዘዴ ነው። ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ ማንም ወዲያው አይመልስም። መጀመሪያ ሁሉም ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻውን ያስባል፤ ቢፈልግ ሁለት ሦስት ቃል ይጽፋል። ቀጥሎ ሐሳቡን ለአጠገቡ ሰው ይናገራል። ለክፍሉ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ዝምተኛውን ተማሪ የሚጠቅመው ሁለተኛው እርምጃ ነው። በ60 ሰው ፊት የሚንተባተበውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ በአንድ ሰው ፊት ሞክሮታል።

አንዱን ወሬ ሦስት ጊዜ

ስንናገር የምንደናቀፈው ምን እንደምንልና እንዴት እንደምንለው በአንድ ጊዜ ስለምናስብ ነው። ስለዚህ አንዱን ጉዳይ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። የቋንቋ መምህራን "4/3/2" የሚሉት ዘዴ እንዲህ ነው፦ ተማሪው ስለ አንድ ርዕስ ለአንድ ጓደኛው 4 ደቂቃ ይናገራል። ያንኑ ለሌላ ጓደኛ በ3 ደቂቃ፣ ለሦስተኛው ደግሞ በ2 ደቂቃ ይደግመዋል። አድማጩ አያቋርጥም፣ አያርምም። ሰዓቱ ሲያጥር ምላስ ይፈጥናል። ሐሳቡ ተዘጋጅቶ ስላለቀ የሚቀረው ማፍሰስ ብቻ ነውና። ለጀማሪ 3፣ 2 እና 1 ደቂቃ ይበቃል። ርዕሱም ቀላል ይሁን፤ የመጀመሪያ ቀኔ በግቢ፣ የእናቴ ሥራ፣ የመረጥኩት ዲፓርትመንት።

ሰምቶ መልሶ መገንባት

ሰዋስውን ለማስተማር ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ በእጅጉ የጠቀመን ይህ ነው። ሩት ዋጅንሪብ የተባሉት መምህርት በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ "ዲክቶግሎስ" በሚል ስም በሰፊው አስተዋውቀውታል። አስተማሪው አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ያላትን አጭር ጽሑፍ በተለመደው ፍጥነት ሁለት ጊዜ ያነባል። በመጀመሪያው ንባብ ማዳመጥ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ዋና ዋና ቃላትን መጫር ይቻላል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሆነው ጽሑፉን መልሰው ይጽፉታል፤ በመጨረሻም ከዋናው ጋር ያስተያዩታል።

ትምህርቱ ያለው በማስተያየቱ ላይ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች "መጽሐፉ" ስንል መታወቁን የምታመለክተው "ኡ" ከቃሉ መጨረሻ ትለጠፋለች። እንግሊዝኛ ደግሞ "ዘ" የምትለውን ቃል ለብቻዋ ከፊት ያስቀምጣል። ስለዚህ ብዙዎቻችን እንረሳታለን። መቶ ጊዜ ቢነገረንም እንረሳታለን። በገዛ እጃችን የጻፍነው ላይ አምስት ቦታ ጎድላ ስናያት ግን አንረሳትም።

ሁሉም የሚፈለግበት ቡድን

"አንድ ለአምስት" ሲባል ምን ትዝ እንደሚላችሁ እናውቃለን፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስገባሉ። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን "ጂግሶ" የሚባል ዘዴ አለ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊዮት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ ነው የጀመሩት። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድ ክፍል እንዲማሩ ተደርጎ ስለነበር በመካከላቸው ውጥረት ነበር። እርስ በርስ እንዲፈላለጉ ለማድረግ የታሰበ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ ጽሑፍ አራት ቦታ ይከፈላል፤ አራት አባላት ያሉት ቡድን አንድ አንድ ክፍል ይካፈላል። ከየቡድኑ ተመሳሳይ ክፍል የደረሳቸው ተማሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ክፍላቸውን በሚገባ ይረዱታል። ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ለሌሎቹ በእንግሊዝኛ ያስረዳሉ። ማንም ብቻውን ሙሉውን አላነበበም፤ ስለዚህ ማንም ተደብቆ መቀመጥ አይችልም። ለኮርስ ንባብ ብትጠቀሙበት ደግሞ ለፈተናውም ተዘጋጃችሁ ማለት ነው።

ቃላትና ሙራጀዓ

ቁርኣን የሐፈዘ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ዛሬ የያዙትን ነገ ካልከለሱት ያመልጣል። ቃላትም እንደዚሁ ናቸው። 50 ቃል በአንድ ሌሊት ከማጥናት 10 ቃል ይዞ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ መከለስ ይሻላል። ቁራጭ ወረቀት ላይ በአንድ በኩል ቃሉን፣ በሌላው ትርጉሙንና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ትርጉሙን ከማየታችሁ በፊት ለማስታወስ ታገሉ፤ ትግሉ ነው የሚያስቀረው።

የትኞቹን ቃላት? የኒውዚላንዷ ምሁር አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. 570 የቃላት ቤተሰቦችን የያዘ የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አሳትመዋል። እንደ "አናላይዝ"፣ "ኮንሴፕት" እና "ሲግኒፊካንት" ያሉ፣ በየትኛውም ዲፓርትመንት የሚደጋገሙ ቃላት ናቸው። በሳምንት 20 ብንይዝ በሰባት ወር ገደማ ይጠናቀቃል፤ ከአንድ የትምህርት ዘመን አይበልጥም።

እርማት ያለ ማሸማቀቅ

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚፈታ ነገር ግን አለ፤ ሳቅ። አንድ ሰው "ፒ" ማለት አቅቶት "ቢ" ሲል፣ ወይም "ስኩል" የምትለው ቃል "እስኩል" ሆና ስትወጣበት ከሳቅንበት ያ ሰው ዳግም አፉን አይከፍትም። በእኛ ቱቶሪያል ያለው ደንብ ይህ ነው፦ ሰው እየተናገረ አይታረምም። አስተባባሪው ስህተቶችን በወረቀት ይሰበስባል። በመጨረሻው 10 ደቂቃ ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋቸዋል፤ ሁሉም በጋራ ያርማቸዋል። ስህተቱን እንጽፋለን እንጂ ባለቤቱን አንጽፍም። ጥንዶቹም እህት ከእህት፣ ወንድም ከወንድም ናቸው። በትልቁ ክፍል ድምፃቸው የማይሰማ እህቶቻችን እዚህ እኩል ሰዓት አላቸው።

የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ለመምራት እንዲህ መከፋፈል ይቻላል፦ 10 ደቂቃ የቃላት ካርድ፣ 20 ደቂቃ ሰምቶ መገንባት፣ 20 ደቂቃ አንዱን ወሬ ሦስት ጊዜ፣ 10 ደቂቃ እርማት። የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ሰዓት የሚይዝና ራሱ ብዙ የማያወራ ሲኒየር ይበቃል። ዶርም ውስጥ አራት ሆናችሁም መጀመር ትችላላችሁ።

ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረዲየላሁ ዐንሁ) በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት መማራቸውን በደርስ ሰምተናል። ያስፈለገው ለደብዳቤ መላላኪያ ነበር፤ ሥራው ስለጠየቀ ተማሩት። ለእኛም እንግሊዝኛ ክብር መለኪያ አይደለም፤ አቀላጥፎ የሚናገር ሁሉ አዋቂ፣ የሚንተባተብም ሁሉ ደካማ አይደለም። የያዝነውን ዕውቀት ለማውጣት የምንፈልገው መሣሪያ ነው። መሣሪያ ደግሞ ሲጠቀሙበት ነው የሚሳለው።

በሚቀጥለው ቱቶሪያል ኢንሻአላህ እንገናኝ። ስትመጡ እስክሪብቶ፣ ቁራጭ ወረቀትና የሦስት ደቂቃ ወሬ ይዛችሁ ኑ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን።