ቤቱ ኦሎምፒያ፣ ሟች ሜሪላንድ፦ ውርሱ በማን ሕግ ይዳኝ?

አንድ ሰው አዲስ አበባ ኦሎምፒያ፣ ከአፍሪካ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ከማግባቱ በፊት የሠራው ቤት አለው እንበል። ኑሮውን ሜሪላንድ አድርጎ እዚያው አገባ፤ ሳይናዘዝም አረፈ። የፊተኛ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሟች ልጆች ካሉትና ካልተናዘዘ ሚስት ወራሽ አይደለችም። ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ታነሣለች እንጂ ከግል ንብረቱ አይደርሳትም፤ ቤቱ የልጆች ነው። በሜሪላንድ ሕግ ግን ሚስትም ከልጆች ጋር ትወርሳለች። ኑዛዜ ቢኖርም ጣጣው አያልቅም፦ እዚያ ሁለት ምስክር ይበቃል፣ የእኛ ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በመርህ አራት ይጠይቃል።

የትኛው ሕግ ይግዛ? ብዙ አገሮች ይህን በሕግ ወስነዋል። በአሜሪካ የማይንቀሳቀስ ንብረት ንብረቱ ባለበት ቦታ ሕግ፣ የሚንቀሳቀሰው በሟች መኖሪያ ሕግ ይዳኛል። የአውሮፓ ኅብረት ከነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውርሱን በጠቅላላ ለሟች መደበኛ መኖሪያ ሕግ ሰጥቷል።

እኛ ግን ይህን የሚወስን ሕግ የለንም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ባዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ረቂቅ ውስጥ ጉዳዩን የሚመለከት ክፍል ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. ሕጉ ሲታወጅ ተተወ። በ1988 የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 ግለሰብ ነክ ዓለም አቀፍ ሕግን፣ ማለትም የየትኛው አገር ሕግ ይግዛ የሚለውን፣ የሚመለከቱ ክርክሮችን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጠ። ዳኛው ሥልጣን አገኘ፣ የሚመራበትን ደንብ ግን አላገኘም። ረቂቆች ተዘጋጅተው ነበር፤ አልታወጁም።

ያሉን ቁርጥራጮች ናቸው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 5 በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻን፣ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ፣ ይቀበላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 458 ደግሞ የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ያ አገርም የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን ይጠይቃል። ለመበለቲቱ ይህ ቀላል አይደለም፤ የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ወራሽነቷን ቢያረጋግጥላት እንኳ ወረቀቱ ብቻውን የኦሎምፒያውን ቤት አያስረክባትም።

ሟች የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ ከነበረ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ላለው ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት ክልከላውን አንሥቷል። በማን ሕግ እንደሚወረስ ግን ዝም ይላል።

ዝምታው የሚጎዳው በአንድ አባት ሞት ያዘኑ ሰዎችን ነው፤ ሁለቱም ወገን የየራሱን ሕግ ይዞ፣ ሁለቱም እውነት አለኝ ብሎ ይካሰሳል። ፓርላማው ቢያንስ ለውርስና ለጋብቻ አጭር ደንብ ቢያወጣ ለዳኛውም ለቤተሰቡም ዕፎይታ ነው። እስከዚያ በሁለት አገር ንብረት ያለው ሰው በቁሙ በአራት ምስክር ፊት ይናዘዝ፤ ያ ኑዛዜ በሁለቱም አገር ለመጽናት የተሻለ ዕድል አለው።