በዱቤ የተሰጠ ምርት ፍርድ ቤት ሲደርስ፦ አርሶ አደሩና ነጋዴው ሊያውቁት የሚገባ ሕግ

የመስኖ ሽንኩርት ሲነቀልና የመኸር ሰብል ተወቅቶ ሲገባ ብዙ ምርት በዱቤ ይሸጣል። አርሶ አደሩ ምርቱን በሚዛን ያስረክባል፤ ነጋዴውም «ሸጬ ስመለስ እከፍላለሁ» ብሎ ይጭናል። በዘር ወቅት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የከተማው ባለሱቅ ምርጥ ዘር፣ ጸረ ተባይ ኬሚካል ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር በዱቤ ሰጥቶ እስከ አዝመራ ይጠብቃል። የገጠሩንና የከተማውን አነስተኛ ንግድ አስተሳስሮ የያዘው ይኸው መተማመን ነው። ክርክር የሚነሳው ቀጠሮው አልፎ አንደኛው ወገን «አልወሰድኩም» ወይም «ከፍያለሁ» ያለ ዕለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይደመጣሉ። አንዳንዱ «ወረቀት ከሌለኝ መክሰስ አልችልም» ብሎ መብቱን ይተዋል። ሌላው ደግሞ «ምሥክር ካለኝ ምን ያሰጋኛል» ብሎ ይዘናጋል። ሕጉ ግን ሽያጭንና ብድርን ለይቶ ያያል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 እንደሚደነግገው፣ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃልም ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ ጤፍ፣ ሽንኩርት ወይም ሌላ የሚንቀሳቀስ ዕቃ በቃል ቢሸጥ ውሉ ውል ነው፤ የመዘነው፣ የጫነውና ያገናኘው ደላላ ቀርበው ሊመሰክሩ ይችላሉ። የገንዘብ ብድር ግን ከዚህ ይለያል። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። ገንዘቡ ሲቆጠር ያዩ ሰዎች ቢኖሩም የምሥክርነት ቃላቸው ብድሩን አያስረዳም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር፤ በዛሬው ገበያ ግን ወረቀት የማያስፈልገው ብድር የለም ማለት ይቻላል።

በዚህ ልዩነት ብዙዎች የሚሰናከሉት ወረቀት ባለመጻፋቸው ብቻ ሳይሆን ያልሆነውን በመጻፋቸውም ነው። ነጋዴው ሃያ ኩንታል በቆሎ በዱቤ ወስዶ ክፍያው ሲዘገይ፣ ሁለቱ ተገናኝተው «ይህን ያህል ብር ተበድሬአለሁ» የሚል ወረቀት ይጽፋሉ። በመካከላቸው የነበረው ሽያጭ እንጂ ብድር አልነበረም። ክስ ሲመጣ ተከሳሹ «ከእርሱ በብድር የተቀበልኩት ብር የለም» ብሎ ይከራከራል፤ እውነቱን ነው፣ ብር አልተቀበለም። ከሳሽም በቀላሉ ሊያስረዳ ይችል የነበረውን የበቆሎ ሽያጭ ትቶ ስለሌለ ብድር ሲከራከር ይውላል። የሚሻለው የተደረገውን እንዳለ መጻፍ ነው፦ የምርቱ ዓይነት፣ የኩንታሉ ብዛት፣ የአንዱ ኩንታል ዋጋ፣ የተከፈለው ቀብድ፣ ቀሪው ሒሳብና የመክፈያው ቀን። የሚበዛው ግማሽ ገጽ ቢሆን ነው። ሕጉ በቁጥር 1727 በጽሑፍ እንዲሆኑ ለሚያዝዛቸው ውሎች የተዋዋዮችን ፊርማና የሁለት ምሥክሮችን መኖር ስለሚጠይቅ፣ ሕግ ባያስገድድም ሁለት ምሥክሮችን ማስፈረም ጉዳት የለውም።

ለገጠሩ ነዋሪ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው፣ ከሁሉም ይልቅ የተዘነጋው ቁጥር 1728 ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በወረቀት ላይ ያኖረው የጣት አሻራ ወይም ፊርማ፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ባለሱቁ በመደብሩ ጠረጴዛ ላይ አሻራ አስቀምጦ «ውል አለኝ» ቢል በእጁ ያለው ደካማ ማስረጃ ነው። ጥበቃው ያላነበበውን እንዲፈርም ለሚገፋው አርሶ አደር የተሰጠ ቢሆንም፣ ለጠንቃቃው ባለሱቅም ይጠቅማል፤ ገበሬውን ወደ ውል ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይዞ ለመሄድ የሚጠፋው ግማሽ ቀን ከዓመት ሙግት ያነሰ ነውና።

የዋስትናም ነገር እንዲሁ ነው። ሞተር በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤትን ወይም ዘመድን ዋስ ያስጠራል። «ባይከፍል እኔ አለሁ» የሚለው ቃል በመንደር ክብር ቢኖረውም በሕግ ፊት ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቁጥር 1922 መሠረትም ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ለዋስ የሚጠራ ሰውም መጠኑን ሳያይ አይፈርም።

በከተማ ነጋዴዎች ዘንድ ደግሞ ቀኑን ወደፊት ጽፎ ቼክ «ለመያዣ» መስጠት ተለምዷል። ቼክ ግን በባሕርይው ለባንክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የተጻፈበት ቀን ገና ቢሆንም ተቀባዩ ዛሬ ይዞት ሊሄድ ይችላል። በሒሳቡ በቂ ገንዘብ እንደሌለ እያወቀ ቼክ የጻፈ ሰው በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 693 ሊከሰስ ይችላል። «ለመያዣ ነው የሰጠሁት» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ሊታመኑበት የሚገባ አይደለም። ለእዳ ማስረጃ ከተፈለገ የእዳ ወረቀት መጻፍ ይበቃል።

ቀጠሮው ካለፈ በኋላ በመጀመሪያ የሚደረገው ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ባለገንዘቡ ውሉ እንዲፈጸምለት ለባለእዳው ማስታወቅ ይኖርበታል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ቅጂው ቢቀር ይመረጣል። የውል ክስ የሚቀርብበት ጊዜ፣ በሕግ ሌላ ካልተወሰነ፣ በቁጥር 1845 እንደተመለከተው 10 ዓመት ነው። ባለእዳው በመሐል እዳውን ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ይህ ጊዜ ተቋርጦ እንደገና ይቆጠራል። የከፈለም ሰው በከፈለ ቁጥር ደረሰኝ መቀበል፣ የዱቤ መዝገብ ካለም ስሙ ሲሰረዝ ማየት አለበት።

ብዙው ጉዳይ ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል፤ ለሁለቱም ወገን ወጪውንና ቂሙን ይቀንሳል። እርቁ በጽሑፍ ከሰፈረና ከተፈረመ፣ በሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ስለዚህ ኩንታሉም፣ ቀብዱም፣ ቀሪውም በሽማግሌዎቹ ፊት ተቆጥሮ ሒሳቡ ሳይዘጋ በእርቁ ወረቀት ላይ መፈረም አይገባም።