«ሰክራለች» የተባለችው ተዋናይት

ጊዜው 1976 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለንደን አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት የ57 ዓመት ሴት ደረሰች። ጸጉሯ ተበታትኗል፤ የት እንዳለች የገባት አትመስልም። ፎቶ አንሺዎች ተረባረቡባት። ፎቶዋን በጋዜጣ ያየ ሁሉ «ሰክራለች» አለ። ሴትዮዋ በአንድ ወቅት ዓለም በውበቷ የተደመመባት የሆሊውድ ተዋናይት ሪታ ሄይዎርዝ ነበረች።

ሪታ በ1918 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ስትወለድ የወጣላት ስም ማርጋሪታ ካንሲኖ ነው። አባቷ ስፔናዊ ዳንሰኛ ስለነበር ገና በልጅነቷ ከእርሱ ጋር መድረክ ላይ ትወጣ ነበር። በ1941 እና በ1942 ከታዋቂው ዳንሰኛ ከፍሬድ አስቴር ጋር ሁለት ፊልሞች ሠራች፤ የዳንስ እርምጃ ቶሎ በመያዟም ተመሰገነች። በ1946 የወጣው «ጊልዳ» ደግሞ ስሟን በመላው ዓለም አስጠራው።

ይህች ሴት ነች እንግዲህ በ50ዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ ቃለ ተውኔት መያዝ ያቃታት። በ1972 ለእይታ የበቃው የመጨረሻ ፊልሟ ሲቀረጽ ንግግሯን ጥቂት በጥቂት እየከፋፈሉ ነበር የቀረጿት። ቁጡ ሆነች፤ ሰው ተጠራጠረች። መጠጥ የምትቀምስ በመሆኗ ደግሞ ሁሉም ነገር በመጠጥ ተመካኘ። በሽታዋ አልዛይመር መሆኑ የታወቀው በ1980ዎቹ መባቻ፣ ምልክቱ ከታየ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ ሰበቡ መጠጥ ላይሆን ይችላል። «ጃጅተዋል» እንልና እንተዋለን። አልዛይመር ግን የእርጅና ጠባይ ሳይሆን የአንጎል ሕዋሳትን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ65 ዓመት በኋላ ቢታይም በሪታ እንደሆነው ቀድሞም ሊጀምር ይችላል።

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ማንም ላይ ይደርሳል። እናትዎ 40 ዓመት የሠሩትን ወጥ ቅደም ተከተል ካጡት፣ ከለመዱት ገበያ መመለሻው ከጠፋባቸው፣ አንዱን ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደጋግመው ከጠየቁ ግን ነገሩን ቀላል አያድርጉት። የጠባይ መለወጥም ምልክት ነው። ገር የነበረ ሰው ድንገት «ገንዘቤን ሰረቃችሁኝ» ማለት ሲጀምር ቤተሰብ ይቀየማል እንጂ በሽታ ነው ብሎ አይጠረጥርም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ምን ይፈይዳል? ብዙ ይፈይዳል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ ድባቴ፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት፣ ከሳምንታት በፊት በመውደቅ ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ እነዚህ ሁሉ የመርሳት በሽታን ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሕክምናም አላቸው። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ምልክቶቹን ለጊዜው የሚያቃልሉ ግን አሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ቤተሰቡ ከምን ጋር እንደሚታገል ያውቃል። ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይቅረቡ፤ ለውጡ መቼ እንደጀመረም ጽፈው ይሂዱ።

ቤት ውስጥ ደግሞ አይከራከሯቸው። በተለይ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «እስቲ እኔ ማነኝ?» እያሉ መፈተን ይቅር። ለእኛ ጨዋታ ቢመስለንም ለታማሚው ፈተናው ውርደት ነው። «እማማ፣ እኔ የልጅሽ ልጅ ነኝ» ብሎ ስምን ነግሮ መቀመጥ ምን ይከብዳል? የምግብና የመኝታ ሰዓታቸው አይለዋወጥ። ከቤት ወጥተው የመጥፋት ስጋት ካለ ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ይኑር።

ሪታን ከ1981 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ ሜይ 14 ቀን 1987፣ የተንከባከበቻት ልጇ ያስሚን ናት። ያስሚን የእናቷን ሕመም አልደበቀችም፤ በስሟ ለአልዛይመር ምርምርና ለታማሚዎች ድጋፍ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። እርስዎም አስታማሚ ከሆኑ ሸክሙን ለብቻዎ አይያዙት። ወንድምና እህት ቀን ተከፋፍለው ተራ ይያዙ፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ይተኙ።