ማሳሳቻ

ማሳሳቻ ማለት እንስሳን ወይም ጠላትን ወደ ተፈለገው ቦታ ለመሳብ፣ አለዚያም ከእውነተኛው ዒላማ ለማራቅ ሆን ተብሎ የሚዘጋጅ አስመሳይ ነገር ነው። ከመደበቅ ይለያል፤ መደበቅ ያለው እንዳይታይ ሲያደርግ፣ ማሳሳቻ የሌለውን እንዳለ ያሳያል።

በአደን

በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት በሎቭሎክ ዋሻ ውስጥ 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ ደንገል ከሚመስል የውሃ ሣር የተሠሩ የዳክዬ ምስሎች በ1924 እ.ኤ.አ. ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ምስል ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ፣ በላይ የሚያልፉ ዳክዬዎች ወገኖቻቸው በሰላም ያረፉበት ቦታ መስሏቸው ይወርዳሉ።

በጦርነት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ከከተሞቻቸው ውጭ በገላጣ ሜዳ እሳት እያነደዱ የጀርመን አብራሪዎች ቦምባቸውን እዚያ እንዲጥሉ ያደርጉ ነበር። ከሁሉ የሚታወቀው ግን የ1944ቱ «ፎርቲቱድ» የተባለው ዘመቻ ነው። የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ለመውረድ ሲዘጋጁ፣ በጄኔራል ጆርጅ ፓተን የሚመራ አንድ ትልቅ ሠራዊት በፓ ደ ካሌ በኩል ሊያጠቃ እንደተዘጋጀ አስመሰሉ። ሠራዊቱ በወረቀት ላይ እንጂ በምድር አልነበረም።

ስለዚህ ዘመቻ ሲወራ በአየር የሚነፉ የጎማ ታንኮች ቀድመው ይነሳሉ። ይሁንና ዋናውን ሥራ የሠሩት ሐሰተኛ የሬዲዮ ልውውጦችና ድርብ ሰላዮች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ስፔናዊው ሁዋን ፑጆል፣ 27 የፈጠራ ረዳት ሰላዮች ነበሩት፤ ከጀርመንም ከእንግሊዝም ተሸልሟል። ማሳሳቻው የሠራው ጀርመኖች ቀድሞውንም ጥቃቱን የሚጠብቁት በካሌ በኩል ስለነበረ ነው። ጁን 6 ቀን ኖርማንዲ ከተወረረ በኋላ እንኳ ሁለተኛ ጥቃት ይመጣል ብለው ብዙ ጦር ለሳምንታት በዚያው አቆዩ።

የሕግ ገደብ

ማሳሳቻ በጦር ሕግ የተፈቀደ ነው። የጄኔቫ ስምምነቶች የ1977 አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ አንቀጽ 37፣ በስም ጠቅሶ ይፈቅደዋል። የሚከለክለው ክህደትን ነው፦ ለምሳሌ እጅ የሰጠ፣ የቆሰለ ወይም ሲቪል መስሎ ጠላትን አስጠግቶ መግደል። የጎማ ታንክን ያመነ ጠላት ጥይቱን ያባክናል። በውሸት ነጭ ባንዲራ አንዴ የተታለለ ወታደር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከልቡ እጅ በሚሰጠው ሰው ላይ ይተኩሳል።