ሐሰተኛው ኮሚሳር

እስቲ አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። ዘመኑ 1944 ነው። በአሜሪካኖች እጅ የወደቀ የጀርመን ወታደር ከስሙ፣ ከማዕረጉና ከመለያ ቁጥሩ በቀር አልናገርም ብሏል። ደግ የሚመስለው መርማሪ ያባብለዋል፤ እምቢ ሲል ወደ ሌላ ድንኳን ይወስደዋል። እዚያ ደረቱን በሜዳሊያ የሞላ፣ የስታሊንን ፎቶ ከአጠገቡ ያኖረ ቁጡ ሩሲያዊ አለ፦ ኮሚሳር ክሩኮቭ። የጀርመን ወታደር ደግሞ ሳይቤሪያ መጋዝን የመሰለ ፍርሃት አልነበረውም። ብዙዎቹ እዚያው አፋቸው ይፈታል።

ኮሚሳሩ ግን ሩሲያዊ አልነበረም። በ1922 በጀርመኗ ሂልደስሃይም ከተማ የተወለደ ጉንተር ሽተርን የሚባል አይሁዳዊ ነው፤ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ስሙ ጋይ ስተርን ሆኗል። ደጉ መርማሪ ፍሬድ ሃዋርድም እንደ እሱው ከናዚዎች ያመለጠ ስደተኛ ነበር።

ስተርን በ1937፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ወዳሉት አጎቱ ብቻውን ተላከ። ወላጆቹን፣ ወንድሙንና እህቱን ለማስመጣት ዋስ ያስፈልግ ነበር። የስፖንሰር ወረቀት ያስጨነቀው ሰው ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል። ልጁ በስንት ልፋት ፈቃደኛ ሰው አገኘ፤ ሰውየው ግን መተዳደሪያው ቁማር ስለነበር ዋስትናው ውድቅ ሆነ።

አሁን ሕጉን እዩልኝ። በኅዳር 1941 ናዚዎች በውጭ የሚኖሩ አይሁዶችን ዜግነት ገፈፉ። በወሩ አሜሪካ ጦርነት ስትገባ እነዚሁ ሰዎች በእሷ መዝገብ «የጠላት አገር ዜጋ» ሆነው አረፉት። ስተርን ባሕር ኃይል ልግባ ቢል እዚህ አልተወለድክም ብለው መለሱት። ኋላ ምድር ጦሩ ራሱ መለመለውና ሜሪላንድ ተራሮች ውስጥ ወዳለው ካምፕ ሪቺ ላከው። ይህ የስለላ ማሠልጠኛ በ1942 የተከፈተ ሲሆን 20,000 ገደማ ሰዎች አልፈውበታል፤ ከጀርመንና ከኦስትሪያ የተሰደዱ አይሁዶች በብዛት ነበሩበት።

ለምን እነሱ? ጀርመንኛ የተማረ አሜሪካዊማ ይገኛል። የሂልደስሃይም ልጅ ግን ምርኮኛው በየትኛው የእግር ኳስ ጨዋታ ልቡ እንደሚከፈት፣ ምን ሲባል እንደሚደነግጥ ከልጅነቱ ያውቃል። የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛን ማሰቃየት ይከለክላል፤ ስለዚህ የቀራቸው መሣሪያ ብልሃት ነበር። የሳይቤሪያው ማስፈራሪያ ለሕጉ ድንበር እጅግ የተጠጋ ይመስለኛል፤ ያም ሆኖ ዱላ አልተነሳበትም።

አደጋው ለእነሱ እጥፍ ነበር። ቢማረኩ ተራ ምርኮኛ ሆነው መቅረታቸውን ማን ያረጋግጣል? በታኅሣሥ 1944 ከሪቺ የወጡ ሁለት ወታደሮች ተማርከው የበርሊን አይሁዶች መሆናቸው ሲታወቅ፣ ኩርት ብሩንስ የተባለ የጀርመን ሻምበል አስረሸናቸው። እሱም በአሜሪካ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት በ1945 በጥይት ተደብድቦ ሞተ።

ስተርን ጦርነቱ ሲያበቃ ሂልደስሃይም ሄደ። ወላጆቹ፣ ወንድሙና እህቱ ናዚዎች አይሁዶችን ወዳጎሩበት የዋርሶ ጌቶ ተግዘው ነበር፤ አንዳቸውም አልተረፉም። እሱ አሜሪካ ተመልሶ ትምህርቱን ቀጠለ፣ ፕሮፌሰርም ሆነ። ያስተማረው ምን መሰላችሁ? የጀርመን ሥነ ጽሑፍ! በ2023 በ101 ዓመቱ ነው ያረፈው።