ስለ ዱባ አበባና ስለ ንብ የማለዳ ሥራ

በየቤቱ ጓሮ፣ በአጥሩ ሥርና በፍግ ክምሩ አጠገብ፣ የዱባ ሐረግ ሲሳብ ማየት የተለመደ ነው። የተለመደም በመሆኑ አስተውሎ የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነው፤ የጓሮው ባለቤት እንኳ ወደ ሐረጉ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ዱባው ሲደርስ ነው። ስለዚህ በክረምት አበባው ሲረግፍ፣ ጡጫ የማታህል ትንሽ ዱባም ቢጫ ሆና ስትወድቅ፣ አንዱ «ዐይን በላው»፣ ሁለተኛው «በሽታ ገባበት»፣ ሦስተኛውም «መሬቱ ከፋ» ይላል፤ መድኃኒት እንዲረጭለትም ይለምናል። የሚረጨው መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል።

ምክንያቱን ለማወቅ የሚሻ ሰው በንጋት 12 ሰዓት ወደ ጓሮው ወጥቶ ይመልከት። በአንድ የዱባ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያገኛል። አንደኛው ቀጭንና ረጅም አገዳ ያለው ወንዴ ነው፤ በመካከሉም ቢጫ ዱቄት የለበሰ ምሰሶ ይታያል። ሁለተኛው ሴቴ ነው፤ አገዳው አጭር ሲሆን፣ አበባው ገና ሳይከፈት ከበታቹ ድብልብል ያለች ትንሽ ዱባ ተሠርታ ትገኛለች። ወንዴው ቀድሞ ይወጣል፤ ቍጥሩም ከሴቴው ይበዛል። ይኸው ወንዴ ጊዜውን ፈጽሞ ቢረግፍ ተፈጥሮው ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። መጀመሪያ የወጣው አበባ ረገፈ ብሎ ሐረጉን የነቀለ ሰው ሴቴው ሳይመጣ ተስፋውን ቈረጠ።

የወንዴው ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ ስለ ሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ ተሸካሚ ያሻዋል። ከተሸካሚዎቹም ዋነኛዋ ንብ ናት። ከአበባው ሥር ያለውን ጣፋጭ ወለላ ልትቀስም ስትገባ ጠጕሯ ዱቄት ይለብሳል፤ ወደ ሴቴው በገባች ጊዜም ዱቄቱ እዚያ ይራገፋል። ይልቁንም የሚያስደንቀው ሒሳቡ ነው። በዱባው ውስጥ ለምትገኘው ለእያንዳንዷ ፍሬ ቢያንስ አንዲት የዱቄት ቅንጣት ታስፈልጋለች፤ እንግዲህ 300 ፍሬ የያዘ ዱባ ከ300 ያላነሰ ቅንጣት ደርሶታል ማለት ነው። ዱቄቱ ያነሰ እንደ ሆነ ዱባው በአንድ ወገን ተጨማዶ ያድጋል፤ ጨርሶ ያልደረሰ እንደ ሆነ ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትወድቃለች። ለዚህ ሁሉ ሥራ የተሰጠው ጊዜም አንድ ማለዳ ብቻ ነው። በንጋት የተከፈተው አበባ ቀኑ ሳይጋመስ ይታጠፋል፤ ዳግመኛም አይከፈትም። ማለዳውን ሙሉ ዝናብ ሲዘንብ ቢውል ንቧ ከቀፎዋ አትወጣም፤ የዚያ ቀን ሴቴ አበባም በከንቱ ይቀራል።

ዱባ በዚህ አገር እንግዳ ነው። ጥንተ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ቀረው ዓለም የተሻገረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1492 ዓ.ም. በኋላ ነው። በጥንት አገሩ ከዱባና ከቅርብ ዘመዶቹ በቀር ከሌላ አበባ ዱቄት የማይሰበስቡ ልዩ ንቦች አሉት፤ እነርሱ ግን አብረውት ባሕር አልተሻገሩም። የኢትዮጵያ ንብ እንግዳውን ተቀብላ ሥራቸውን ያዘች። ቅል ግን የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ አበባውም ነጭ ሆኖ ወደ ምሽት ይከፈታል፤ በአፍሪካም የሌሊት ቢራቢሮዎች ይጐበኙታል። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት እስከ አበባቸው ሰዓት ድረስ እውነት ሆኖ ተገኘ።

የአበባንና የነፍሳትን ውል አጥብቆ የመረመረው ክርስቲያን ኮንራድ ስፕሬንግል የሚባል የጀርመን አገር መምህር ነበር። በ1793 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፉን ቢያሳትምም በዘመኑ ብዙ ሰሚ አላገኘም፤ ዋጋውን በኋላ የመሰከረለት ቻርልስ ዳርዊን ነው።

ለሹማምንትና ለባለይዞታዎች ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። የተባይ መድኃኒት በማለዳ፣ አበባ በተከፈተበት ሰዓት ቢረጭ፣ መርዙ በንቧ ላይ ይወርዳል፤ ቀፎውም ይጐዳል፤ ዱባውም ተሸካሚ ያጣል። መርጨት የግድ የሆነ እንደ ሆነ አበባው ከታጠፈና ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ በምሽት ይሁን፤ ጐረቤት ያለው የቀፎ ባለቤትም አስቀድሞ ይነገረው። ነገር ግን በቅጠል ላይ ለቀናት የሚቈይ መርዝ በምሽት ስለ ተረጨ ብቻ ጉዳቱ አይቀርም። ንብ አለቀብኝ የሚል ከሳሽ በቀረበ ጊዜ ሹሙ ስለ መድኃኒቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ የተረጨበትን ሰዓትና በአቅራቢያው ምን አብቦ እንደ ነበረ ቢጠይቅ ፍርዱ ይቀናል።

ንብ በጠፋበት ወይም ዝናብ ባበዛበት ሰሞን የቤቱ ሰው በእጁ ሊሠራው ይችላል። በማለዳ አዲስ የተከፈተ ወንዴ አበባ ቈርጦ ቅጠሉን ይላጥለታል፤ ዱቄት የለበሰውን ምሰሶም በሴቴው መካከል በቀስታ ያሻሸዋል። አንዱ ወንዴ ለሁለት ወይም ለሦስት ሴቴ ይበቃል። ሥራው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ትንሿ ዱባ ሳትጠወልግ መፋፋት ከጀመረች ይዛለች።