«ካፒቱላሲዮን» የሚለው ቃል ትርጓሜና ያለፈበት ዘመን

«ካፒታል» የሚለውን ቃል የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ የእርሱ ዘመድ የሆነውን «ካፒቱላሲዮን» የተባለውን የዲፕሎማቶች ቃል ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሁለቱም የተገኙት በላቲን ቋንቋ ራስ ማለት ከሆነው «ካፑት» ነው። ከዚሁ «ካፒቱሉም»፥ ማለት ትንሽ ራስ፥ ይኸውም የጽሑፍ ምዕራፍ የሚለው ቃል ወጣ፤ በምዕራፍ የተከፋፈለ ውልም ካፒቱላሲዮን ተባለ። የተሸነፈ ጦር የሚገባው ውል እንደዚሁ በምዕራፍ ይጻፍ ስለ ነበረ፥ ቃሉ እጅ መስጠት የሚል ትርጓሜም አለው።

በንግድ ረገድ ከታወቁት ውሎች አንዱ የቱርክ ሱልጣን በ1569 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ የሰጠው ነው። በዚህ ዐይነት ውል የውጭ አገር ነጋዴ በሱልጣኑ ምድር ሳለ የሚዳኘው በራሱ ቆንሲል ነበረ።

በአገራችንም ተመሳሳይ ውል ታይቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም.፥ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከሙሴ ክሎቡኮውስኪ ጋራ የተፈረመው የንግድ ውል ሁለት ከባድ ነገር ይዞ ነበር። አንደኛ፥ በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ከዋጋው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ወሰነ። ሁለተኛ፥ ፈረንሳውያንና በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ በቆንሲላቸው እንዲዳኙ፥ ከኢትዮጵያዊ ጋራ ሲካሰሱ ደግሞ ቆንሲሉ ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጋራ እንዲቀመጥ፥ የሚፈረደውም በተከሳሹ አገር ሕግ እንዲሆን አደረገ። ሌሎች መንግሥታትም ለአንዱ የተሰጠ ለሁሉም ይድረስ በሚለው የውላቸው አንቀጽ ተመርኩዘው የዚሁ ተካፋይ ሆኑ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው የውጭ አገር ሰው ዕቃ በዱቤ የሰጠ የአዲስ አበባ ባለሱቅ፥ ገንዘቡን በገዛ አገሩ ለማስመለስ በባዕድ ሕግ መከራከር ግድ ሆነበት።

ቱርክ ከዚህ ቀንበር የወጣችው በ1923 እ.ኤ.አ. በሎዛን ውል ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ የተደረገው ስምምነት፥ ምንም እንኳ ከዳኞቹ መካከል እንግሊዛዊ እንዲኖር ቢያዝዝ፥ የውጭ አገር ሰዎችን ክርክር ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤት መለሰ።

ዛሬ በልደታ በሚያስችለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተወላጁም የውጭ አገር ሰውም ለአንድ ችሎት ይቆማል። ነገር ግን መንግሥታት የተዉትን ነጋዴው በራሱ ፊርማ ሊመልሰው ይችላል፤ በብዙ የንግድ ውል መጨረሻ ገደማ፥ ክርክር ቢነሣ በየትኛው አገር፥ በየትኛውስ ሕግ እንደሚታይ የሚወስን አንቀጽ አለና። አንቀጽ በግእዝ በር ማለት ነው። አስመጪም ላኪም ከመፈረሙ በፊት በሩ ወዴት እንደሚያወጣው አስቀድሞ ይመልከት።